ከረባት ያሰረው ሰውዬ

በሸዋ ሮቢት ከተማ ልጇ ፈተና እንድትወድቅላት ስለት የተሳለች እናት ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። አንድ ጥቅል ጧፍ ነው የተሳልኩት። ጎረቤቶቼ ቢሰሙ እኔኑ ጠበል ይወስዱኝ ነበር፤ ደግነቱ ለማንም አልተነፈስኩም።

ሥራዬ ሕፃናት ማስተማር ነው፤ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ያሉትን፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸውን። ክፍሌ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ የሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። ረፋድ ላይ ፊደሉን ትተን ግቢው ውስጥ ወዳለው የኒም ዛፍ ጥላ እንሰደዳለን። ደብረ ብርሃን ያሉ ባልደረቦቼ ልጆቹን ፀሐይ ሊያሞቁ ያወጣሉ አሉ። እኛ ከፀሐይ ልናስጥል ነው የምናወጣቸው፤ ሁለታችንም ግን "የውጪ ጨዋታ" ብለን ሪፖርት እናደርጋለን።

ልጄም እዚያው እኔ ዘንድ ነበር የምትማረው። ያን ዓመት ስድስት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ለወሬ ማንም አይችላትም፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን ተረት አንዲት ቃል ሳትጥል መልሳ ታወራዋለች፣ ካልጣማትም ታስተካክለዋለች። እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ቁልፍ መቆለፍ አትችልም። ውሃ ስትቀዳ ብርጭቆውን ትታ ጠረጴዛውን ታጠጣዋለች። "ይቺን ክብ አይተሽ ሣዪ" ስላት ክቧን በደንብ ታያታለች፣ ምላሷን አውጥታ ትታገላለች፣ እርሳሱ ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። ልጅ ማየት እንጀራዬ ነው፤ ዘግይቶ የሚደርሰውን ልጅና ሰው ካልያዘው የማይደርሰውን እለያለሁ። የኋላ የኋላ እርሳስ ሲታደል ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ መደበቅ ጀመረች።

ታዲያ ለሰው አልነገርኩም? ነገርኩ እንጂ! ችግሩ አገራችን ነው። እኛ ዘንድ እናት ልጇን አታወድስም፤ ዓይን ትፈራለች። የወፈረውን "ይሄ ከሲታ" ትለዋለች፣ ቆንጆዋን "ይቺ አስቀያሚ"፣ ከክፍሉ አንደኛ የወጣውን "ደነዝ፣ ምን ያውቃል!" ሰሚውም ነገሩ ይገባውና "ከዓይን ያውጣልሽ" ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እኔ "የኔዋ እጇ ደካማ ነው፣ ክብ እንኳ መሣል አቃታት" ባልኩ ቁጥር የሚሰማኝ ሁሉ ልጄ ታላቅ ሠዓሊ ልትሆን ነው ብሎ ያስባል። አስፋልቱ ዳር ሆቴል ያላት ጎረቤቴማ ጭራሽ ተቀየመችኝ።

"ቲቸር፣ እኔን ነው የምትደብቂኝ? የኔ ዓይን ነው ክፉ የሆነው?" ብላ ስንት ቀን ሰላምታ ነፈገችኝ።

ባሌ ደግሞ "ተያት፣ ታድጋለች፤ እኔም በሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ" ይላል። ውሸቱን ነው። ባሌ ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ የሱቁ ታፔላ፣ የባጃጁ ጀርባ፣ የፀጉር ቤቱ በር፣ ሁሉም የሱ እጅ ነው። ያለ ማስመሪያ የሚያሰምረው መስመር ከአስፋልቱ ይቀናል። በተለይ ስሙ የወጣው ፀጉር ቤቶች በር ላይ በሚሥለው ሰውዬ ነው፤ ፀጉሩን ወደ ጎን የተከፈለ፣ ሪዙን የተከረከመ፣ ከረባት ያሰረ። በዚህ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሰው ያየሁት ባሌ ሥዕል ላይ ብቻ ነው። ምነው ብዬ ብጠይቀው "ሰው ሰው እንዲሸት ነው" አለኝ።

ማሽላው በሚታጨድበት ሰሞን አንዲት ባለሙያ ከደብረ ብርሃን ወደ ትምህርት ቤታችን መጣች። ብርዳሙ ጣርማ በር ላይ ለብሳው የነበረውን ሹራብ ሮቢት ስትደርስ በክንዷ ይዛዋለች። ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው፣ ላቧን በመሐረብ እየጠረገች ሥራዋን ለእኛ ለአስተማሪዎቹ አስረዳችን። ለልጁ አንድ ቅርጽ ታሳየዋለች፣ እሱም እያየ ይሥለዋል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ክብ፣ መስቀል፣ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን፣ መጨረሻ ላይ ትልልቆቹንም የሚያስቸግረው፣ በጫፉ የቆመ ካሬ የመሰለው ዳይመንድ። ከዚያ በኋላ "ሰው ሣል" ትለዋለች። ዓይኑ ያየውን እጁ ይታዘዘዋል ወይ፣ ለዕድሜውስ ደርሷል ወይ የሚለውን ከዚያ ታውቃለች።

"ማለፍና መውደቅ የለውም" አለች። "ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ካሉ ክፍል ይከፈትላቸዋል፤ ጭቃ፣ ዶቃ፣ ኳስ ይገባል፣ እኔም በየሳምንቱ እየመጣሁ አሠራቸዋለሁ፣ ዓይናቸውንም አስመረምራለሁ። እዚህ ካላገኘሁ ግን ዕቃው ለሌላ ከተማ ይሰጣል።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ፈጣሪን የለመንኩት ነገር ሹራቡን በክንዱ ይዞ ፊቴ ቆመ። ከልጄ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ ልማዷ መሣል። ያን ዕለት ነው ጧፉን የተሳልኩት።

ቀጥዬ ወላጆችን ሰበሰብኩና "አደራችሁን፣ ምንም እንዳታስጠኗቸው፤ ይሄ ፈተና አይደለም" አልኩ። ምን ዓይነት ቂል ነኝ! እኛ አገር "አታስጠኑ" የሚል አስተማሪ የገዛ ልጁን በጓዳ እያስጠና ያለ አስተማሪ ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ "እሺ ቲቸር" አሉ፤ ባለ ሆቴሏ ስትወጣ ጠቀሰችኝ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ቤታችን ፓፓያ ይጎርፍ ጀመር። ፓፓያ ብቻ? ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አንድ ቀንማ ዶሮ። ሰው ለካ አስተማሪ ያከብራል ብዬ ደስ አለኝ፤ ባሌም ፓፓያውን እየላጠ "ሲያንስሽ ነው" ይለኛል። ልጆቹ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚለቀቁት፣ ልጄም አብራቸው ወደ ቤት ትሄዳለች፤ እኔ እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ነኝ። ስመለስ ታዲያ ተማሪዎቼ ባሌ ከሚሠራበት በረንዳ ላይ ግር ብለው ሲወጡ አገኛቸዋለሁ። "ምን ፈልገው ነው?" ስለው "ቀለም ሊያዩ" አለኝ። ቀለም! እኔም አምኜ ፓፓያዬን በላሁ።

ባለሙያዋ ልጆቹን የምታይበት ቀን ደረሰ። እኔ ብገባ በዓይኔ እረዳቸዋለሁ ተብሎ ከክፍል አስወጡኝና ኒሙ ሥር ወረፋ ጠባቂ ሆንኩ። አንድ በአንድ ይገባሉ። በመስኮቱ በኩል የሚያጉረመርሙት ይሰማኛል፤ "ድስት፣ ሁለት ባቄላ፣ አንድ በርበሬ" ይላል አንዱ። ሌላው "ሳምቡሳ" ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ "ሁለት ሳምቡሳ፣ ወገብ ለወገብ"። ርቧቸው ነው ብዬ አዘንኩ፤ ከዚህ ሁሉ ሥዕል በፊት ቁርስ ብናበላቸው ምን ነበረበት አልኩ። አንድም ልጅ እያለቀሰ አልወጣም። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ይህን ማሽተት ነበረብኝ፤ ግን አላሸተትኩም። ልጄም ተራዋ ደርሶ ገባች፣ ዘለግ ላለ ጊዜ ቆየች፣ ላብ በላብ ሆና ወጣች።

"እማዬ፣ ጨረስኩ!" አለችኝ። እኔም በሆዴ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጧፉ አለ አልኩ።

ውጤቱ የተነገረው ወላጆች በተሰበሰቡበት ነው። ባለሙያዋ ሥዕሎቹን ክፍሉ ውስጥ ገመድ ወጥራ እንደ ልብስ ሰቅላቸዋለች። ገባሁና ቀና አልኩ። ከዳር እስከ ዳር ሪዙን የተከረከመ፣ ፀጉሩን ወደ ጎን የተከፈለ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተሰልፏል። ገሚሱ ወፍራም ነው፣ ገሚሱ ቀጭን፣ አንዱ ሪዙ ግንባሩ ላይ ወጥቷል፤ ከረባቱን የረሳ ግን አንድም የለም።

"እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም" አለች ባለሙያዋ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። እዚህ አገር ወንዱ ሁሉ ከረባት ያስራል?"

በሽርጥና በነጠላ ጫማ የመጡ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡና፣ "ለክት ነው፣ ልጄ" አሏት።

እኔ የልጄን ወረቀት ፈለግኩ፤ አገኘሁትም። ካሬው ካሬ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ነው። ዳይመንዱ ትንሽ ዘመም ብሏል እንጂ ቆሟል። ከሥሩ ያ ሰውዬ። ያንን ሪዝ በትዳሬ ዘመን ሁሉ በየፀጉር ቤቱ በር ላይ ሳየው ኖሬአለሁ፤ የማን እጅ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ወደ ባሌ ዞርኩ። ባሌ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየመረመረ ነው። የዚያ ሁሉ ፓፓያ ዋጋ ያን ጊዜ ገባኝ።

"እንግዲህ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ አላገኘሁም" ስትል እልልታው ቀለጠ።

"ልጄ ወድቃለች!" ብዬ ተነሣሁ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። "የኔ ልጅ ይህን አልሣለችም፣ መሣል አትችልም! ቁልፍ መቆለፍ አትችልም! ውሃ መቅዳት አትችልም! እግዜር ያሳያችሁ፣ አትችልም!"

ባሌ ቀሚሴን ከኋላ ይጎትታል። ሰው ሁሉ በፍቅር ዓይን ያየኛል። ባለ ሆቴሏ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ይገባናል ቲቸር፣ ሁላችንም የወለድን ነን" አለችኝ፤ ቀጥላም "የሷ ከሁሉም ስለበለጠ ዓይን ፈራች" አለች ለሰዉ። "ከዓይን ያውጣት በሉላት!" ሰዉም "ከዓይን ያውጣት!" አለ። ይባስ ብሎ ባለሙያዋ ፈገግ አለች።

"የኔም እናት እንዲሁ ናት" አለች ወረቀቶቿን እየሰበሰበች። "ዲግሪ ስይዝ ለጎረቤት 'ምን ታውቃለች' እያለች ነበር የምትዞረው።"

እዚህ ላይ ልጄን አየኋት። በሩ ላይ ቆማለች፤ ጎረቤት ሁሉ አጨብጭቦላታል፣ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ደግሞ ፊቷ ቆሜ አትችልም፣ አትችልም እላለሁ። እጆቿ ቀስ ብለው ወደ ጀርባዋ ሄዱ። አፌን ዘጋሁ። እንደዚያ ቀን አፌን የዘጋሁበት ቀን የለም፤ ባሌ ይመሰክራል።

ሰው ሲበተን ባለሙያዋ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ትጠብቃለች፣ ሹራቧ ክንዷ ላይ ነው። ሮጬ ደረስኩባት። "እህቴ፣ ዓይን ፈርቼ አይደለም። አንዲት ያልተጠናች ቅርጽ ስጪያት፤ ከሣለቻት እግርሽ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ" አልኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት። ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ባጃጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ለሾፌሩ "ሂድ" አለችው።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሆንን፤ እሷ፣ ልጄ፣ ባሌና እኔ። ባለሙያዋ አዲስ ወረቀት አወጣችና ሁለት ደረጃ ያለው መውጫ የመሰለ መስመር ሣለች። ከዳይመንዱ በጣም የቀለለ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ያሉ፣ ገና አምስት ዓመት የሞላቸው ታናናሾች ሲጫወቱ ይሥሉታል።

"እንደዚህ ሣዪልኝ" አለቻት።

ልጄ ደረጃውን አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ "ድስት" ልትል ነበር፣ ግን ድስት አይደለም። "ሳምቡሳ" አለች በቀስታ፤ ሳምቡሳም አይደለም። ወደ አባቷ ዞረች። ባሌ ወለሉን አቀርቅሮ ያያል፤ ቀኝ ጣቱ ብቻ ጭኑ ላይ ደረጃውን ይሥላል፣ ይሥላል፣ መልሶ ይሥላል። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። መስመሩ ትንሽ ሄደ፣ ተንሸራተተ፣ ወረቀቱን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። እንደገና ጀመረች። እንደገና ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲያይልኝ የለመንኩት ይህንኑ ነው፤ አሁን ሰው እያየ ነው፣ እኔ ደግሞ ዘልዬ እጇን ይዤ ልሥልላት ፈለግኩ። ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ።

"ይሄን አባዬ አላስተማረኝም" አለች በመጨረሻ። ደረጃውን ትታ ከጎኑ ከረባት መሣል ጀመረች።

ባሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "እኔ ነኝ" አለ። "ልጆች ሲስቁባት ሰማሁ። እጇን ከጀርባዋ ደብቃ አየኋት፣ አላስቻለኝም። እጇን በእጄ ይዤ፣ ክቡን ድስት፣ ሦስት ማዕዘኑን ሳምቡሳ እያልኩ በየቀኑ አለማመድኳት፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ትሣል ብዬ። የጎረቤት ልጅ አየንና ለእናቱ ነገረ፣ ከዚያ በኋላ በረንዳው ሞላ።" ለባለሙያዋ ነው የሚናገረው፣ የሚያየው ግን እኔን ነው። "ልትወድቅ እንደምትፈልጊ መች ነገርሽኝ?"

የታፔላ ቀለሙን ጣሳ ሁሉ አናቱ ላይ ልደፋ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ያንን ዳይመንድ ለማስቆም ስንት ከሰዓት በኋላ የልጅቷን እጅ ይዞ እንደተቀመጠ አሰብኩ። "አንተ ጅል" አልኩት፣ አቅፌው አለቀስኩ። ባለሙያዋ መሐረቧን ለላቧ ይሁን ለሌላ ነገር አወጣችው።

ልጄ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ሆነች። ባለሙያዋ ሌሎቹንም ባልተጠና ቅርጽ ስታያቸው ከረባታም ሰውዬ የሸፈናቸው ጥቂት ልጆች ተገኙ፤ ከነሱ አንዱ የባለ ሆቴሏ ልጅ ነው። ክፍሉ ተከፈተ፣ ጭቃው ገባ፣ ዶቃው ገባ። ደረጃው ያቃታት ዕለት ሦስታችን በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ መሐላችን ተቀምጣ "አለፍኩ?" አለችኝ። ባሌ ወደ ውጪ ዞረ። "አለፍሽ" አልኳት። ጧፉንም እሑድ ለቤተ ክርስቲያን አስገባሁ፤ ስለት ስለት ነው።

ሰው ግን ሰው ነው። በዓመቱ ክፍሉ ውስጥ ኳስ እንዳለና ልጆቹ ጭቃ እያቦኩ እንደሚውሉ ከተማው ሰማ፤ ፓፓያው እንደገና መጣ። አንዲት እናት ልጇን ባሌ በረንዳ ላይ አስቀምጣ "ጋሼ፣ ጠማማ መሣል ያስተምሩልኝ" አለችው። ባሌ ፓፓያውን መለሰ። "ጠማማ ማስመር አልችልም፣ እመቤቴ፤ ከሙያዬ ውጪ ነው" ብሎ አሰናበታት።

ልጄ ቁልፏን የቆለፈችው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አሁንም ውሃ ስትቀዳ ጠረጴዛው ይጠጣል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ከአባቷ የተረፈ ካርቶን ይዛ ተቀምጣለች። አንድ ነገር ሥላለች። ክቡ አልገጠመም። ሁለት እግሮች ከጭንቅላቱ ይወጣሉ፣ ሆድ የለም፣ አንገት የለም፣ አንዱ እጅ ከእግሩ ይረዝማል። በባለሙያዋ ሚዛን ቢታይ ከዕድሜዋ ገና ወደ ኋላ ነው። ከረባት ግን የለውም።

"ይሄ ማነው?" አልኳት።

"አንቺ ነሽ፤ ባጃጅ እየጠራሽ።"

ረጅሙን እጅ አየሁት። እውነትም እኔ ነኝ። ካርቶኑን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ባለ ሆቴሏ ጎረቤቴ መጣች። ግድግዳው ፊት ቆመች፣ ጠጋ አለች፣ ራቅ አለች። "እንዴ ቲቸር! የልጅሽ ነው? ብቻዋን ሣለችው? ወይ የሷ ነገር፣ እጇ ተፈታላት እኮ!" አለች፤ ከልቧ ነው።

"ምን ትሥላለች!" አልኩ፣ አፌ ቀደመኝ። "አየሽው አይደል? ደነዝ ናት፣ ምንም አትችልም!"

እንደ ሌሎቹ እናቶች ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ደጃፉ ላይ ጭቃዋን ይዛ ተቀምጣ ሰማችኝ፤ ሳቀች እንጂ እጇን አልደበቀችም።